ክራር ኮምፒውተር ውስጥ እንዴት ይገባል?

ሰርግ ላይ ኦርጋን የሚጫወተውን ልጅ ጠጋ ብላችሁ እዩት። ማሲንቆ ያስጮሃል፣ አንዲት በተን ነካ ያደርግና ክራር ይሆንለታል፣ ሌላዋን ሲነካ ደግሞ ዋሽንት። ከፊቱ ግን ጭራም ደጋንም ሸምበቆም የለም። ድምፁ ታዲያ ከየት መጣ?

መልሱን ያወቅሁ ጊዜ ደስታዬ ወሰን አልነበረውም፤ ለእናንተ ለመንገር የቸኮልኩትም ለዚህ ነው። አንድ ሰው የሆነ ቀን ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ እውነተኛ መሣሪያ ተጫውቷል። ዘፈን ግን አልተጫወተም። አንድ ድምፅ ብቻ አሰማ፣ እስኪጠፋ ጠበቀ፣ ሌላውን አሰማ፣ እንደገና ጠበቀ። ሌላ ሰው እያንዳንዱን ለየብቻ ቀዳ፣ ቆራርጦ ስም ሰጠው፣ በየቁልፉ ላይ አስቀመጠው። ቁልፉ ሲጫን ማሽኑ ያንን ቅጂ ያጫውታል። ሙዚቀኞች እነዚህን ቁርጥራጭ ቅጂዎች ሳምፕል ይሏቸዋል፤ በሥርዓት ተሰብስበው ሲቀመጡ ደግሞ የድምፅ ቤተ መጻሕፍት ይሆናሉ።

አብዛኞቹ ስብስቦች ይሸጣሉ፣ ያውም በዶላር። ነገር ግን ብዙ ሰው አዋጥቶ የሠራቸው፣ ማንም በነፃ አውርዶ ለዘፈኑ፣ ለፊልሙ፣ ለትምህርት ቤቱ የሚጠቀምባቸው አሉ። ዛሬ የማወራችሁ ስለ እነዚህ ነው። ዋናው ፍላጎቴ ደግሞ አዲስ አበባ ስቱዲዮ ያለው ሰው ብቻ ሳይሆን እኛም፣ እዚህ ደቡብ ምዕራብ፣ ጌጫና ማሻ፣ ቴፒና ሚዛን ያለን ሰዎች፣ መሣሪያዎቻችንን በራሳችን ጆሮ ቀድተን ልናስገባ እንደምንችል ማሳየት ነው።

የዚህ ነገር ታሪክ ከእኛ አገር ጋር የሚገናኝበት ቦታ አለ። ሃሊም ኤል ዳብ የሚባል ግብፃዊ የሙዚቃ ደራሲ ነበር። እ.ኤ.አ. በ1944 ካይሮ ውስጥ፣ በሽቦ ላይ ድምፅ የሚቀዳ መሣሪያ ተውሶ ሴቶች የዛር ሥርዓት ሲያካሂዱ ቀዳ። ከዚያ ቅጂውን ይዞ ስቱዲዮ ገባና የድምፁን ማስተጋባት እየቀያየረ ራሱን የቻለ ሥራ አወጣበት። ፈረንሳዊው ፒዬር ሼፈር በዚሁ ዓይነት ዘዴ ስሙ የተጠራው እ.ኤ.አ. በ1948 ነው። ኤል ዳብ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጀመሪያ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ዩኒቨርሲቲ ሊያስተምር አዲስ አበባ መጣ፤ እ.ኤ.አ. በ1963 ደግሞ ኦርኬስትራ ኢትዮጵያን መሠረተ። የክራር፣ የማሲንቆ፣ የበገና፣ የዋሽንት፣ የእምቢልታ፣ የመለከትና የከበሮ ባለሙያዎችን ሰብስቦ አንድ መድረክ ላይ አስቀመጣቸው። በኋላ ተስፋዬ ለማ ለብዙ ዓመታት የመራው፣ እ.ኤ.አ. በ1969 ብሉ ናይል ግሩፕ በሚል ስም አሜሪካን የዞረው ቡድን ይኸው ነው።

በዚያው በ1963 በርሚንግሃም፣ እንግሊዝ አገር፣ ሜሎትሮን የሚባል ኪቦርድ ብቅ አለ። በእያንዳንዱ ቁልፍ ሥር ቁራጭ ቴፕ ተቀምጧል፤ ቁልፉን ስትጫኑት ቴፑ ይሳብና የተቀዳበትን የዋሽንት ወይም የቫዮሊን ድምፅ ያሰማል፣ ስምንት ሴኮንድ ያህል ቆይቶ ያልቃል። የዛሬው ሳምፕል ቅድመ አያት ይህ ነው። አዲስ አበባ ላይ መሣሪያዎቻችን እንደ ኦርኬስትራ ጎን ለጎን በተቀመጡበት ዓመት፣ የሌላው ዓለም መሣሪያዎች በቁልፍ ሥር እየገቡ ነበር። እኛ ግን ቁልፉ ሥር ለመግባት ረጅም ጊዜ ፈጀብን፤ የገባንበት መንገድም ብዙ ጊዜ የጊታርን ወይም የሌላ አገር መሣሪያን ድምፅ ክራር እንዲመስል በማጣመም ነበር።

ወደ ነፃዎቹ ስብስቦች ልመለስ። አሜሪካ ውስጥ የአይዋ ዩኒቨርሲቲ ከ1997 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የኦርኬስትራ መሣሪያዎችን እያንዳንዷን ድምፅ በለስላሳ፣ በመካከለኛና በኃይለኛ አመታት እየቀዳ ለሁሉም ክፍት አድርጓል። ባርሴሎና ያለው የፖምፔዩ ፋብራ ዩኒቨርሲቲ እ.ኤ.አ. በ2005 ፍሪሳውንድን ከፈተ፤ ከዓለም ዙሪያ ሰዎች የቀዱት ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ድምፅ አለው፣ ከዝናብ እስከ ባቡር። እኔን ይበልጥ የሚያስደስተኝ ግን የቨርሲሊያን ስቱዲዮ ያስተባበረው የማኅበረሰብ ስብስብ ነው። የተለያዩ ሰዎች ያዋጡት ቅጂ በአንድ ላይ ተቀምጧል፣ ምንም ዓይነት የባለቤትነት ገደብ አልተደረገበትም። ማህደሮቹ ደግሞ የተደረደሩት ሆርንቦስቴልና ዛክስ የተባሉት ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1914 ባወጡት አመዳደብ ነው፦ በክር የሚጮህ፣ በትንፋሽ የሚጮህ፣ በቆዳ የሚጮህ፣ አካሉ ራሱ የሚጮህ።

ይህን አመዳደብ እንደ ቀላል ነገር እንዳታልፉት። ብዙ ኪቦርድ ስትከፍቱ ፒያኖና ቫዮሊን የየራሳቸው ክፍል ሲኖራቸው፣ የእኛ ዓይነቶቹ ግን «ኤትኒክ» በሚል አንድ ማህደር ውስጥ ተጠቅጥቀው ታገኟቸዋላችሁ። በሆርንቦስቴልና ዛክስ አመዳደብ ግን በገና የሚቀመጠው ከሃርፕና ከቫዮሊን ጋር፣ ባለ ክሮቹ መካከል ነው። ቦታው እዚያ ነውና።

እስቲ አሁን ክራር እንቅዳ።

ጌጫ ላይ የመጀመሪያው ችግር ዝናብ ነው። ጌጫ ያለችበት አንድራቻ ወረዳና ማሻ ከአገሪቱ ዝናባማ ቦታዎች መካከል ናቸው፤ ቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ሆናችሁ ዝናብ ሲጀምር እንኳን ክራር ሰው ለሰውም መሰማማት ያቅታል። ስለዚህ የሣር ቤት ካገኛችሁ እሱን ምረጡ። ሣር ድምፅ ይውጣል፣ የጭቃ ግድግዳም እንደ ብሎኬት አያስተጋባም። ካጣችሁ የቡና መጋዘን ፈልጉ። በጆንያ የተሞላ መጋዘን መሐል ቆማችሁ አጨብጭቡ፤ ጭብጨባው ወዲያው ይሞታል። ስቱዲዮዎች በብዙ ብር ስፖንጅ ገዝተው የሚያገኙት ጸጥታ ይህ ነው፣ እኛ ጋ በየነጋዴው ግቢ አለ። መብራት የጠፋበት ሰዓት ደግሞ ለቀረጻ ምርጥ ነው። ወፍጮው ይቆማል፣ ፍሪጁ ዝም ይላል፣ ከኤሌክትሪክ መስመር የሚመጣው «ምምም» የሚል ድምፅም አብሮ ይጠፋል። ማለዳውን ተዉት፤ ከዶሮው በላይ ጉሬዛው ከጫካ ሲያጓራ ማይኩ እሱንም ይሰማል።

ማይክ ከሌላችሁ ስልክ ይበቃል። አንድ ነገር ግን መዘጋት አለበት። ስልክ ድምፅ ሲቀንስበት በራሱ ፈቃድ ከፍ፣ ሲበዛበት ደግሞ ዝቅ የማድረግ ልማድ አለው። ለወሬ ጥሩ ነው፣ ለክራር ግን ጥፋት ነው፤ ክሩ እየደከመ ሲሄድ ስልኩ ከኋላው እየገፋ ያነሳዋል፣ ተፈጥሯዊው መድከም ይበላሻል። ይህን ማጥፋት የሚያስችል የመቅጃ አፕ ተጠቀሙ፣ ቅጂውም በዌቭ ይሁን እንጂ በኤምፒ3 አይሁን። በቴሌግራም ስትላላኩ እንደ ድምፅ መልእክት ሳይሆን እንደ ፋይል ላኩት፤ የድምፅ መልእክት የሚጠብቀው ለንግግር የሚበቃውን ያህል ብቻ ነው፣ የቀረውን ጨምቆ ይጥለዋል።

አብዛኛው ክራር ስድስት ክር አለው። አምስቱ የቅኝቱ ድምፆች ናቸው፣ ስድስተኛው የመጀመሪያውን ድምፅ በሌላ ከፍታ ይደግማል። ስለዚህ ስድስት ድምፅ ቀድተን አለቀ ልትሉ ትችላላችሁ፤ አላለቀም። አንድ ክር በስሱ ስትነኩትና በኃይል ስትመቱት ልዩነቱ የድምፅ መጠን ብቻ አይደለም። በስሱ ሲነካ የምትሰሙት ክሩን ነው፤ በኃይል ሲመታ ግን የጥፍሩ ምት፣ የቆዳው ጡምታ፣ የጎድጓዳው ሣህን ማንጎራጎር አብረው ይመጣሉ። ስለዚህ እያንዳንዱ ክር ቢያንስ በሦስት ጉልበት ይቀዳ። ሌላም አለ። ሰው አንድ ክር አራት ጊዜ ሲመታ አራቱ ምቶች ፈጽሞ አንድ አይሆኑም። ማሽን ግን አንድ ቅጂ ብቻ ካለው ያንኑ ይደጋግማል፤ ጆሮ ወዲያው ይነቃል፣ ክራሩ የመትረየስ ተኩስ ይሆንበታል። መድኃኒቱ እያንዳንዱን ምት አራት ጊዜ ቀድቶ ማሽኑ እያፈራረቀ እንዲያጫውተው ማድረግ ነው።

ስድስት ክር በሦስት ጉልበት በአራት ድግግሞሽ 72 ድምፅ ይሆናል። እያንዳንዱ ስድስት ሴኮንድ ቢይዝ ሁሉም ተደምሮ ሰባት ደቂቃ ገደማ ነው። በጥሩ ጥራት፣ ማለትም በሴኮንድ 48,000 ጊዜ በ24 ቢት በአንድ ማይክ ሲቀዳ፣ አንድ ደቂቃ 8.6 ሜጋባይት ያህል ይወስዳል። ስለዚህ ክራሩ በሙሉ ከ65 ሜጋባይት አይበልጥም፣ በከፍተኛ ጥራት የተቀመጠ አንድ የሙዚቃ ቪዲዮ እንኳን አያክልም። ብዙ ሰው ትልቅ ድርጅት፣ ትልቅ ገንዘብ፣ ትልቅ ኮምፒውተር የሚያስፈልገው ስለሚመስለው ነው ይህን ስሌት የነገርኳችሁ።

ይህ ግን ድርድሩ፣ ክር በክር እየተነካ የሚጫወተው፣ ብቻ ነው። ክራር ግርፍም አለው፣ ግርፍ ደግሞ ሌላ ዓለም ነው። ተጫዋቹ ሁሉንም ክሮች በአንድ ጊዜ እየገረፈ፣ በግራ እጁ ጣቶች የማይፈልጋቸውን አፍኖ የሚፈልገውን ይለቃል። የታፈኑት ክሮች ዝም አይሉም፤ «ጭክ» የሚል ደረቅ ምት ይሰጣሉ፣ ጭፈራውን የሚገፋውም እሱ ነው። ለየብቻ የተቀዱ ክሮችን ኮምፒውተር ላይ ብትደራርቡ ይህን ምት በፍጹም አታገኙትም። ግርፉ ራሱን ችሎ ይቀዳ፤ አንደኛው ክር ተለቆ ሌሎቹ ታፍነው፣ ሁለተኛው ተለቆ ሌሎቹ ታፍነው፣ እንዲያ እያለ፣ ወደ ታችም ወደ ላይም። ክራር የማይጫወት የድምፅ ባለሙያ ይህን ሊገምት አይችልም። ቀረጻው ከተጫዋቹ አጠገብ፣ መሣሪያውን በሚያውቅ ሰው መመራት አለበት የምለው ለዚህ ነው።

በገናም እንዲሁ ምስጢሩ በትንሽ ነገር ላይ ነው። አሥር አውታር አለው፤ ያ ጥልቅ የሚነዝር ድምፁ የሚመጣው አውታሮቹ በሚያርፉበት በበርኩማውና በየአውታሩ መካከል ከሚገቡት የቆዳ ቁርጥራጮች፣ ከእንዝራዎቹ ነው። እንዝራው ትንሽ ከተንሸራተተ ንዝረቱ ይጠፋል። ስለዚህ ከእያንዳንዱ አውታር በፊት ባለቤቱ እንዝራውን አስተካክሎ ይበቃል እስኪል መጠበቅ ነው። ማሲንቆ ደግሞ ክሩ አንድ፣ ጣጣው ግን ብዙ ነው፤ ድምፁ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚሄደው እየተንሸራተተ ስለሆነ በቁልፍ በቁልፍ መከፋፈል ያስቸግራል። ረጅም ግዝገዛ፣ አጭር ግዝገዛ፣ መንሸራተቱም ለብቻው መቀዳት አለበት።

አሁን ልቤን ወደሚነካው ጉዳይ ልምጣ፣ ወደ ቅኝት። ፒያኖ ላይ ከአንድ ድምፅ እስከ ስምንተኛው ድረስ ያለው ርቀት ሴንት በሚባል መለኪያ 1,200 ነው፤ በጎረቤት ቁልፎች መካከል ያለው ደግሞ እኩል መቶ መቶ ነው። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺሆዬ የሚባሉት ቅኝቶቻችን ግን የተወለዱት በክርና በጆሮ እንጂ በዚህ መለኪያ አይደለም። ጥሩ የክራር ተጫዋች አንቺሆዬን ሲቃኝ አንዳንዶቹ ድምፆች ከፒያኖው ቁልፍ ሽቅብ ወይም ቁልቁል ፈቀቅ ይላሉ። ሲንቲያ ኪምበርሊን የምትባል ተመራማሪ የዶክትሬት ሥራዋን እ.ኤ.አ. በ1976 የሠራችው በማሲንቆና በቅኝት ጠባይ ላይ ነው፤ ቅኝት የዶክትሬት ሙሉ ጥናት የሚሸከም ነገር ነው ማለት ነው።

አደጋው የሚመጣው ከቀረጻ በኋላ ነው። ድምፁን ኮምፒውተር ላይ ያስገባው ሰው ማስተካከያውን ይከፍታል፣ ማስተካከያው «ይህ ድምፅ 30 ሴንት ተዛብቷል» ይለዋል፣ እሱም በቅን ልቦና ያቃናዋል። ስድስቱንም ክር ካቃና በኋላ እጁ ላይ የቀረው ክራር የሚመስል ፒያኖ ነው። ስለዚህ ያልተነካው ቅጂ ሁልጊዜ አብሮ ይቀመጥ፤ ከጎኑም የቅኝቱ ስም፣ የተጫዋቹ አገር፣ ክሩ ጅማት ይሁን ናይለን ይጻፍ። የፒያኖ ቅኝት የሚፈልግ ሰው ለራሱ ያስተካክል። ኤስኤፍዜድ የሚባለው የፋይል ዓይነት ለዚህ የተመቸ ነው። ተራ ጽሑፍ ነው፣ በኖትፓድ ይከፈታል፤ የትኛው ቅጂ በየትኛው ቁልፍ ላይ እንደሚቀመጥና በስንት ሴንት ከፍ ወይም ዝቅ እንደሚል በውስጡ ይጻፋል። ቅጂው ሳይነካ እነዚህን ቁጥሮች በመቀየር ብቻ ያው ክራር ከአንቺሆዬ ወደ ፒያኖ ቅኝት፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ አንቺሆዬ ይሄዳል። ዲሰንት ሳምፕለር የሚባል በነፃ የሚገኝ ማጫወቻም አለ፤ እሱ የራሱ ዓይነት ፋይል ቢኖረውም በዚያው መንገድ የየቅጂውን ቅኝት ማስተካከል ይፈቅዳል።

በቁልፍ ሐሳብ ጭራሽ የማይገዙ መሣሪያዎችም አሉን። እምቢልታ የጣት ቀዳዳ የለውም። አንዱ ነፊ የያዛቸው ድምፆች ጥቂት ናቸው፤ ዜማው የሚወለደው ሦስት ሰዎች ተራ እየጠበቁ፣ አንዱ የሌላውን ክፍተት እየሞላ ሲነፉ ነው። ከእኛ ወደ ደቡብ ምሥራቅ፣ ዲራሼዎች ጋ ያለው ፊላም በዚሁ መንገድ ይሄዳል፤ ብዙ ሰው የየራሱን የቀርከሃ ቱቦ ይዞ እየጨፈረ በየተራው ይነፋል። የእያንዳንዱን ነፊ ድምፅ ለብቻ ቀድታችሁ አንድ ሰው በአሥር ጣቱ እንዲያጫውተው ብታደርጉ ድምፁ ይኖራል፣ ፊላው ግን አይኖርም። እኔ የምመርጠው ሁለቱንም መቅዳት ነው፤ እያንዳንዱን ነፊ ለብቻ፣ ቀጥሎም ቡድኑን በሙሉ፣ አንዱ ማይክ መሐል ሌላው ራቅ ብሎ። ወደ ምዕራብ፣ ጋምቤላ ውስጥ አኙዋኮች የሚጫወቱት ቶም ግን ለሳምፕል የተሠራ ይመስላል፤ የብረት ምላሶቹ በአውራ ጣት ሲነኩ እያንዳንዱ ንጹሕ፣ አጭርና ለብቻው የቆመ ድምፅ ይሰጣል።

ስለ ፈቃድ ሳላነሳ ማለፍ አልችልም። ስብስቡ ለተጠቃሚው ነፃ ይሁን ስል ለተጫዋቹም በነፃ ይሁን ማለቴ አይደለም። ቀኑን ሙሉ አንድ ክር እየመታ የዋለ ሰው የቀኑን ዋጋ ይከፈለው፤ ከተለመደው አበል በላይ ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል፣ የሚሰጠው የዕድሜውን ዕውቀት ነውና። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410 ለከዋኞች መብት ሰጥቷል፤ ያለ ፈቃዳቸው መቅዳትና ማሰራጨት አይቻልም። ስለዚህ ከቀረጻ በፊት ተጫዋቹ በሚገባው ቋንቋ፣ በሸክኛም በካፊኛም ይሁን በአማርኛ፣ ተነቦለት የሚፈርመው ወረቀት ይኑር። ወረቀቱ ላይ መጻፍ ያለበት ከባዱ ነገር ይህ ነው፦ ሲሲ ዜሮ በሚባለው ሙሉ ነፃ ፈቃድ የተለቀቀ ድምፅ ተመልሶ አይያዝም። ማንም ለማንኛውም ነገር ይጠቀምበታል፣ የተጫዋቹን ስም የመጥቀስ ግዴታም የለበትም። ስሙ እንዲጠራለት የሚፈልግ ከሆነ ስም መጥቀስን የሚያስገድደው ሌላው የክሪኤቲቭ ኮመንስ ፈቃድ አለ።

በበገና ላይ አቋሜ ጥብቅ ነው። በዐቢይ ጾም ለጸሎት የሚደረደር መሣሪያ ድምፁ ነገ የጭፈራ ቤት ዘፈን ውስጥ ሊገባ እንደሚችል ባለቤቱ በግልጽ ሊነገረው ይገባል። «ይቅር» ካለ ይቅር። በአካባቢያችንም ለለቅሶ ወይም ለሥርዓት ብቻ የሚነፋ መሣሪያ ካለ ሽማግሌዎቹ ሳይስማሙ ማይክ አይዘርጋለት። ስብስቡ ጎደሎ ቢሆን አንድ ቀን ይሞላል፤ የተሰበረ እምነት ግን እንዲህ በቀላሉ አይጠገንም።

ከየት እንጀምር ካላችሁኝ ከከበሮ እላችኋለሁ። ቅኝት የለውም፣ ድምፁ አጭር ነው፣ የተሳሳተ ምትም ወዲያው ይደገማል። መሐሉን፣ ዳሩን፣ በመዳፍ፣ በጣት፤ ሰፊውን አፍ ለብቻ፣ ጠባቡን ለብቻ። አንዱ ይምታ፣ አንዱ ስልኩን ይያዝ፣ ሦስተኛው ደብተር ላይ ቅደም ተከተሉን ይጻፍ። ይህ ሦስተኛው ሰው ከሁሉም ይበልጣል፤ ማታ ላፕቶፕ ላይ ስትቀመጡ ስም የሌላቸው ብዙ ፋይሎች ሲጠብቋችሁ ዋጋውን ታውቁታላችሁ። ከመጀመሪያው ምት በፊት ማንም ሳይንቀሳቀስ አሥር ሴኮንድ ዝምታ ቅዱ፤ በኋላ የክፍሉን ሹክሹክታ ለመቀነስ ኦዳሲቲ የሚባለው የድምፅ ማረሚያ ፕሮግራም ያንን ዝምታ እንደ መለኪያ ይወስደዋል።

ከከበሮው ቀጥሎ ዋሽንት። አገሩ ቀርከሃ አገር ነው፣ ነፊውም አብዛኛውን ጊዜ ለየከፍታው የሚሆኑ ረጃጅምና አጫጭር ዋሽንቶች ይኖሩታል፤ ሁሉንም ይዞ ይምጣ። እያንዳንዱ ባለ አራት ቀዳዳ ነው፣ ሁሉም ተደፍኖ፣ አንድ በአንድ እየተከፈተ፣ በስሱም በጉልበትም ይነፋ። ድምፁን ስትቆርጡ ግን ከመነሻው በፊት ያለውን ትንፋሽ አትቁረጡት። ብዙዎቻችን ፋይሉ ንጹሕ ይሁን ብለን የምንጥለው እሱን ነው፤ ዋሽንቱን ከፉጨት የሚለየው ግን ያ ትንፋሽ ነው።